እጅ ወደ ኋላ

ሥራ ልጠይቅ ደብረ ማርቆስ የገባሁ ዕለት፣ በእጅህ የሠራኸውን አንድ ዕቃ ይዘህ ና ስለተባልኩ የፀሐይ መብራት ይዤ ሄድኩ። ከተጣለ የስልክ ባትሪ፣ ከተሰነጠቀ የሶላር ቁራጭና ከፕላስቲክ ቱቦ የሠራሁት ነው። እንዲህ ያለ መብራት ይጁቤ ውስጥ ለብዙ ቤት ሠርቻለሁ፤ ከሁሉም የተሻለው ግን ይኼ ነበር። የወርክሾፑ አለቃ ተቀበለኝ፣ አገላበጠው፣ አጠገቡ ለቆመው በያጅ አሳለፈው። በያጁ እጁን እስከ ትከሻው አንስቶ ሲሚንቶው ላይ ለቀቀው። መብራቱ አልጠፋም። አለቃው አነሳውና ቧንቧው ሥር ወደነበረው ባልዲ ውስጥ ጨመረው። ጠፋ።

«ውሃው በየት ገባ?» አለኝ።

«በማብሪያው ቀዳዳ።»

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ይዘኸው መጣህ?»

መብራቱን ባልዲው ውስጥ ትቶት ወደ ሥራው ተመለሰ። በሩ ጋ ስደርስ አንዲት ሴት ከኋላዬ ጠርታኝ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንድገባ ነገረችኝ። የሥራ ልብስ እንደማይሰጡም ጨመረች።

ይጁቤ ሬዲዮና ስልክ ስጠግን ሰዎች የሠራሁላቸውን ዕቃ ገና ከእጄ ሳይቀበሉ «እጅህ ይባረክ» ይሉኝ ነበር። እናቴም ለጎረቤት ሁሉ ትነግር ነበር። አንዳቸውም ግን ውስጡን ከፍተው አይተው አያውቁም። ሽቦውን እንዴት እንዳጠፍኩት፣ ብየዳው ለምን እንዳበጠ ወይም እንዳላበጠ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ምርቃት የለመደ ሰው ምን እንደጎደለው አያውቅም። እኔም ያወቅሁት መብራቴ ባልዲ ውስጥ ሲጠፋ ነው። የወርክሾፑ ሰዎች ግን ውስጡን አይተውት ነበር።

ወርክሾፑ የገበሬ መሣሪያ የሚሠራ ነው፤ የበቆሎ መፈልፈያ፣ የውሃ መሳቢያ፣ መኖ መቆራረጫ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ በክረምት ዝናቡ ሲወርድ መነጋገር አይቻልም፤ ለእኔ ያ መልካም ነበር። አለቃችን ቀድሞ የቴክኒክ መምህር የነበሩ፣ ከሰው ይልቅ ብረት የሚያምኑ ሽማግሌ ናቸው። እስካሁን አንተ ያልኳቸው ያን ዕለት ምን ያህል እንደጠላኋቸው ለመናገር ነው፤ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ከእርስዎ ዝቅ አድርጌ ጠርቻቸው አላውቅም። በሩ ላይ ያናገረችኝ ሴት ኢንጂነራችን ናት። ከሌላ አገር ለትምህርት መጥታ እዚሁ የቀረች፣ ንድፉን በኮምፒውተር የምትሠራ፣ ስትቆጣ ድምጿ የሚቀንስ። በያጁ የከተማው ልጅ ነው፤ እጁ ፈጣን፣ አፉ ከእጁ የፈጠነ። በመጀመሪያው ሳምንት ለእኔ «አያ ዝምታ» የሚል ስም አወጣልኝና በዚያው ቀረ።

አንድ ሌላ ሰው ነበረ፤ እንደ እኔ ለሙከራ፣ ከእኔ ግን ጥቂት ሳምንት ቀድሞ የገባ። ከዲማ በኩል የመጣ ስለሆነ ሁሉም የዲማው ይሉታል። ልጅነቱን ቅኔ ቤት ያሳለፈ፣ በኋላ ትቶት የወጣና በአንድ የወፍጮ ቤት ሞተር ላይ ብረት የተማረ ነው። ለምን ትተህ ወጣህ ብዬ ጠይቄው አላውቅም፤ እሱም ለምን ዝም ትላለህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

የወርክሾፑ ልማድ እንዲህ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ቆሞ ወለሉ ይጠረጋል። በሳምንቱ አዲስ ነገር የሠራ ሰው ሥራውን መሀል ላይ ያስቀምጥና እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ ይቆማል። ሌሎቹ ይሰብሩታል። ያገኙትን ሁሉ ማድረግ ይችላሉ፤ መጣል፣ መርገጥ፣ ጭቃ መጨመር፣ አላዋቂ ሆኖ በተሳሳተ በኩል መያዝ። ሠሪው መናገር አይፈቀድለትም። በዚህ በኩል ያዙት፣ እንዲህ አታድርጉት ማለት የለም። አለቃው ምክንያቱን አንድ ጊዜ ብቻ ነግረውኛል፤ መሣሪያው ገበሬው ቤት ሲሄድ አንተ አብረኸው አትሄድም አሉኝ። ሥራው ከተረፈ ወደ ሽያጭ ይሄዳል። ካልተረፈ ሠሪው ስብርባሪውን ራሱ ይለቅማል፤ ማንም አያግዘውም።

አንድ ቅዳሜ ኢንጂነሯ ብዙ ጊዜ የደከመችበት የውሃ መሳቢያ ላይ በያጁ ተቀመጠና የመሳቢያው እግር ታጠፈ። ፊቷ ላይ እንባ መጣ፤ እጇ ግን ከኋላዋ አልተነቃነቀም። በያጁ ከላዩ ሳይነሳ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ወንበር እንደሆነ አልተጻፈም ነበር እንዴ ብሎ ጠየቃት። የሳቀ ነበረ። እኔም ሳቅሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የእሱን የመኖ መቆራረጫ ስትሰብር አልቸኮለችም። ብየዳውን አንድ በአንድ በመዶሻ እያንኳኳች ድምፁ የታፈነውን ፈልጋ አገኘችና እዚያው ላይ ደጋግማ መታችው፤ እስኪለቅ ድረስ ዓይኗን ከፊቱ ላይ አላነሳችም። ማታ ሁለቱ አብረው ቡና ጠጥተው ሄዱ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት የትም አይቼ አላውቅም። ዝም ማለት ሕግ የሆነበትን ቦታም ከዚያ በፊት አላገኘሁም ነበር።

ከዲማው ጋር የተዋወቅነው በአንድ ብሎን ነው። ጠረጴዛ ላይ የፈሰሱ ብሎኖችን ስንለይ አንዱ ጥርሱ ከሌሎቹ ትንሽ የቀጠነ ነበር። ሁለታችንም ቆመን እያየን በአንድ ጊዜ እጃችንን ሰደድን፤ ጣቶቻችን ተጋጩ። እሱ ሳቀና ብሎኑን ለእኔ ተወው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ወደየተከራየንበት ስንሄድ አብረን እንሄዳለን። ብዙ አንነጋገርም። ባጃጅ ሲያልፍ እሱ ከድምፁ ብልሽቱን ለይቶ «ኩሽኔታው» ይላል፤ እኔ «የግራው» እላለሁ። ሞተር ሳይክል ያልፋል፤ እኔ «ካቴና» እላለሁ፤ እሱ ትንሽ ያዳምጥና በአዎንታ ራሱን ይነቀንቃል። በሕይወቴ ከሰው ጋር ያደረግሁት ረጅሙ ወሬ ይኼ ነው ብል ውሸት አይሆንም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አለቃው ሁለታችንንም ጠርተው ቦታ ያላቸው ለአንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ነገሩን። እያንዳንዳችን አንድ መሣሪያ እንሠራለን፤ ሁለቱም ቅዳሜ ይሰበራሉ፤ የተሻለው ይቀራል፤ ሌላው ይሄዳል። ይህን ያሉን ሁላችንም ምሳ ስንበላ ነው። በያጁ ጉርሻውን ሳይውጥ፣ አያ ዝምታ ሲሄድ እንዴት እናውቃለን፣ ሲኖርስ መቼ ይሰማል አለ። የዲማው ሳቀ። እኔ መሳቁን ወደድኩለት፤ አዝኖልኝ ቢሆን ኖሮ ምሳውን ትቼ በተነሳሁ ነበር።

ለእኔ ያ ቦታ ምን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ይጁቤ መመለስ ማለት ውስጡን የማያዩ ሰዎች መሀል ተመልሶ መመረቅ ነው። ለእሱም ያው ነበር። ስለዚህ አልተነጋገርንበትም። ሥራችንን ግን እርስ በርስ መተያየታችንን አልተውንም፤ ያለ እሱ ዓይን አንድ ብረት መቁረጥ አቅቶኝ ነበር።

እኔ የጤፍ ማናፈሻ ሠራሁ። አውድማ ላይ ንፋስ ሲጠፋ ገበሬው መንሹን ይዞ ወደ ሰማይ እያየ ይቆማል፤ ይህ በእጅ የሚዞር ስለሆነ ንፋሱን ራሱ ይፈጥራል። ከላይ የተወቃው ጤፍ የሚፈስበት አፍ አለው፤ አፉ ሥር ደግሞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚንሸራተት የላሜራ መዝጊያ አለ፤ ምን ያህል ጤፍ እንደሚወርድ የሚለካው እሱ ነው። በዚያ መዝጊያ ላይ ብዙ ሰነበትኩ። ጠርዙን በሞረድ እያስተካከልኩ ከሚንሸራተትበት ሀዲድ ጋር አስማማሁት። ሲያልቅ በአንድ ጣት ሲገፉት እንደ ቅቤ ይሄዳል፤ ምላጭ ግን አያስገባም። የዲማውን ጠርቼ ምላጩን ሰጠሁት። ዙሪያውን ሞከረ። አንድም ቦታ አልገባለትም። ምላጩን መለሰልኝና ምንም አላለም፤ ምን እንዳሰበ ግን አየሁ።

እሱ ጤፍ በመስመር የሚዘራ፣ በእጅ የሚገፋ መሣሪያ ሠራ። አንድ ጎማ አለው፤ ጎማው ሲዞር ዘሩን በልክ ይጥላል። የእሱ አመል አንዱን ብረት ሁለት ሥራ ማሠራት ነው። ሌላ ሰው ሁለት ነገር የሚያስርበትን እሱ አንድ ነገር ያስገባበትና በዚያ ይደሰታል። ከቅኔ ቤት ይዞት የመጣው ይመስለኛል፤ አንድ ነገር አንድ ጥቅም ብቻ ሲሰጥ ያንስበታል። ጎማውን የያዘው ፒንና ዘር መጣያውን የሚያዞረው ፒን አንድ ነበር። ሲያሳየኝ ዓይኑ ይበራ ነበር። እኔም ምንም አላልኩትም።

የእሱ ሥራ ቀድሞ ቀረበ። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመ። በያጁ መሣሪያውን ከድንጋይ ጋር አጋጨው፤ አልተበገረም። ኢንጂነሯ ዘሩ ላይ አሸዋ ቀላቀለችበት፤ አሸዋውንም ዘራው። አለቃው ከነመሣሪያው ጭቃ ውስጥ ገቡና ወጡ። ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። እጀታውን ያዝኩና አልገፋሁትም። ወደ ኋላ ጎተትኩት። ገበሬ መስመር ስቶ ሲመለስ እንደሚያደርገው። ፒኑ ቀስ እያለ ወጣ፣ መሬት ላይ ወደቀ፣ ጎማው ተከተለው፣ ዘሩም አንድ ላይ ተደፋ።

በያጁ አፏጨ። የዲማው ፊት ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ፈገግ ብሎ ነበር። ከዚያ ተንበርክኮ ዘሩን ከሲሚንቶው ላይ መልቀም ጀመረ። ጤፍ ከሲሚንቶ ላይ አይለቀምም። ለቀመው።

ያን ዕለት ማታ እንደ ሁልጊዜው አብረን ሄድን። ባጃጆች አለፉ፤ ማናችንም አልተናገርንም። ቤቱ በር ላይ ስንደርስ «ዝም ብለህ ብታልፈኝ ኖሮ ከዚህ ወዲያ አላናግርህም ነበር» አለኝ። በሩን ዘግቶ ገባ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የእኔ ማናፈሻ መሀል ላይ ቆመ። በያጁ በመዶሻ መታው፣ ከጠረጴዛ ላይ ገፍቶ ጣለው። ኢንጂነሯ እጀታው ላይ ተንጠለጠለች። አለቃው ማራገቢያው ውስጥ እንጨት ጨመሩ፤ ማራገቢያው እንጨቱን ተፋው። በያጁ፣ አያ ዝምታ መናገር ስላልቻለ ብረት ወለደ አለ፤ ከእሱ አፍ ለምስጋና የቀረበው ይኼ ነው። የዲማው እስከዚያ ድረስ ጥግ ላይ ነበር። ወደ ግቢው ወጣ። ሲመለስ ከጎረቤት ላም ጋጣ አጠገብ ከተቆለለው ዝናብ የመታው እብቅ አንድ ቁንጥር ይዞ ነበር። ማናፈሻውን አልመታውም፣ አልገፋውም። ጎንበስ ብሎ ቁንጥሯን በሁለት ጣቱ መዝጊያው ጠርዝ ላይ፣ ምላጩ ያልገባበት ቦታ ላይ፣ ቀባት። መዝጊያውን አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ገፋው። እብቁን ይዞ ገባ። ከዚያ ወዲያ አልወጣም።

በያጁ ጎተተው። በፒንሳ ያዘው። አልወጣም። አውድማ ላይ እብቅ የሌለበት ቦታ የለም፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጤዛ አለ። መናገር አይፈቀድልኝም ነበር።

አለቃው ለሁለታችንም አንድ ዓይነት ዕድል ሰጡን፤ ሥራችሁን አሁኑኑ፣ እዚሁ፣ ፊታችን አስተካክሉ አሉ። የዲማው ሌላ ቀዳዳ በስቶ ሁለተኛ ፒን አስገባ። የበሳው ጠማማ ነበር፣ ፒኑም የሌላ ዕቃ ነበር፤ አስቀያሚ ሥራ ነው፤ እየሳቀ ሠራው። መሣሪያው ወደ ኋላም ወደ ፊትም ሄደ። እኔ መዝጊያውን በመዶሻ አስወጣሁትና ጠርዙን በሞረድ ማስፋት ጀመርኩ። ክፍተት መተው ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። በአንድ በኩል ስሞርደው በሌላው በኩል ዘንበል አለ፤ አስተካከልኩት። ስጨርስ ክፍተት ነበረ፤ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ። የዲማው ተጠግቶ ሌላ ቁንጥር ቀባበት። ገባ። አልወጣም።

ሁሉም ጎንበስ ብለው አዩት። ዝናብ አልነበረም፤ ጣሪያው እንኳ አላዘነልኝም።

«ይኼ ስህተት አይደለም» አሉ አለቃው። «ስህተት ቢሆን ታርመው ነበር። አንተ የምትሠራው ለብረቱ ነው። ለጭቃው የሚሠራ ሰው ነው የምፈልገው።»

«ገባኝ ጋሼ» አልኩ። በወርክሾፑ ውስጥ በቅዳሜ ቀን የተናገርኩት ይኼን ብቻ ነው።

ማናፈሻውን ይዤ ልሂድ ወይ ብዬ ኢንጂነሯን ስጠይቃት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ንድፉን ኮምፒውተር ውስጥ እንዳስገባችውና ማናፈሻው እዚያው እንደሚቀር ነገረችኝ። በያጁ በር ድረስ ሸኘኝ። የሚለኝ ነገር ይኖረዋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገና ሳይናገር ተመለሰ። ከስድቡ ሁሉ የከፋው ያ ነበር። ከውጭ ሰው ጋር እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ይጁቤ ተመልሼ የድሮዋን ሱቄን ከፈትኩ። ስልክ እጠግናለሁ፣ ሬዲዮ እጠግናለሁ። ሰዎች ዕቃቸውን ገና ከእጄ ሳይቀበሉ ይመርቁኛል። እናቴ ደስ ብሏታል፤ ከተማው አልተስማማውም ትላለች ለጎረቤት።

ጤፍ አጨዳ ሲቃረብ በአንድ የገበያ ቀን ከሱቄ ማዶ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። መሀሉ ላይ ማናፈሻዬ ቆሟል። አዲስ ነው፣ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ አጠገቡ የዲማው እጀታውን እያዞረ ለገበሬዎች ያስረዳል። እየቀለደ፣ እያሳቀ። አንድ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ሊገዙ ቀርበው ጤፍ የሚፈስበትን አፍ በእጃቸው ይዳብሱ ነበር። ሰዉን አልፌ ገባሁ። የዲማው አየኝ። የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ አቆመ። እጀታውን ለቀቀ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደና እጆቹን ከኋላው አቆላለፈ።

ገበሬዎቹ ግራ ተጋብተው አንዴ እሱን አንዴ እኔን አዩ። ጎንበስ አልኩ። መዝጊያውን ሳብኩት። ክፍተቱ ጠማማ ነበር፤ በአንድ በኩል ጣት ሊያስገባ ጥቂት የቀረው፣ በሌላው በኩል የጠበበ። እኔ እንዲህ ብዬ ልሠራው አልችልም። ከመሬት እርጥብ ገለባና አፈር ዘግኜ ጨመርኩበት። መዝጊያው ሁሉንም እየፈጨ ሄደ፣ ተመለሰ። ደግሜ ጨመርኩ። ሄደ። ከዚያ ወደ እጀታው ዞርኩ። እጀታውንና ማራገቢያውን የያዘው ፒን አንድ ነበር።

የዲማውን ፊት አየሁት። አልተነቃነቀም። እጀታውን ወደ ኋላ አዞርኩት።

ፒኑ ወደቀ፤ እጀታው እጄ ላይ ቀረ። ማራገቢያው ብቻውን ትንሽ ዞሮ ቆመ። ከኋላ አንድ ጎረምሳ፣ ከንፋሱ ቀድሞ እጀታው ነፈሰ አለና ሰዉ ሳቀ። መበተን ጀመሩ። አዛውንቱ ግን ቆመው አዩኝ።

«ምን አደረገህ ልጄ?» አሉኝ። «እንጀራው አይደለም ወይ?»

«ነው አባቴ» አልኳቸው።

ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። የዲማው ተንበርክኮ ፒኑን ከአቧራው ውስጥ ፈለገ። አላገዝኩትም። ሲያገኘው በሱሪው ጠረገውና ወደ ብርሃን ይዞ አየው። እነ አለቃው ሁሉ ሞክረውት አልፎ እንደነበር ነገረኝ፤ እጀታውን ወደ ኋላ ያዞረ ሰው እንዳልነበረ።

«መብሻ አለህ?» አለኝ ከዚያ።

ማናፈሻውን ተሸክመን ወደ ሱቄ ገባን። መብራት ስለነበረ መብሻው ሠራ። ሁለተኛውን ቀዳዳ እኔ በሳሁት፤ እሱ ፒን ቆርጦ አስገባ፤ ቀዳዳዬ ስለጠበበበት በመዶሻ መታው። ስለ ቦታው አልጠየቅሁትም፤ ማንንም እንዳልጨመሩለትና ሥራ እንደበዛበት ግን ከእጁ ቁስል አወቅሁ። ማናፈሻው ከቆመ በኋላ እጁን እያበሰ ሱቄን ዞር ዞር ብሎ አየ። መደርደሪያው ላይ አንድ የፀሐይ መብራት ነበር፤ የጎረቤት ነው፤ የማብሪያውን ቀዳዳ በጎማ ዘግቼዋለሁ። አነሳው። አገላበጠው። ባልዲዬ የት እንዳለ በዓይኑ ፈለገ፤ አገኘው፤ ግን ወደዚያ አልሄደም። ጎማውን በአውራ ጣቱ ጥፍር ዳር ዳሩን እየነካ ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ።

ከጠረጴዛው ፈቀቅ አልኩና እጆቼን ወደ ኋላ አደረግሁ።